ክዳኑ ጠብቆ ሳለ ለምን ይፈሳል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከሰሜን ሸዋ ስለ መጠጥ ዕቃ ክዳን የደረሱንን ጥያቄዎች ዛሬ በአንድ ላይ አቅርበናል። ጠያቂዎቹ የያዙት ዕቃ የተለያየ ነው፤ የልጅ ኩባያ፣ የጠላ ጀሪካን፣ ፔርሙዝ፣ የበሶ ጠርሙስ። ሁሉም ማለት ይቻላል ጥፋቱን የጣሉት በክዳኑ ላይ ነው። እኛ ግን ብዙውን ቦታ የሰጠነው ክዳኑ ሥር ለታሰረው አየር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ሸዋ ሮቢት አያቷ ጋ ሰንብተን ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ ስትሮ ያለውን ኩባያዋን በከፈተችው ቁጥር ውሃው እየተፈናጠረ ልብሷን ያበሰብሰዋል። «የማይደፋ» ተብሎ የተገዛ ነው፤ ቤት ውስጥ ብገለብጠውም ጠብ አይልም። ተበላሽቶ ይሆን?
— እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አልተበላሸም። እንዲያውም ውሃው የሚፈናጠረው ክዳኑ በደንብ ስለሚገጥም ነው።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንገዱ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የአየሩ ግፊት ሸዋ ሮቢት 87 ኪሎ ፓስካል ያህል ሲሆን ጣርማ በር ላይ ወደ 70 ይወርዳል። ኩባያውን ቆላ ላይ ሲዘጉት የቆላውን አየር አብረው ቆልፈውበታል። ደጋ ሲደርሱ ውጭ ያለው አየር ሲሳሳ የውስጡ ግፊት እንደ ነበረ ይቆያል። ልዩነቱ 17 ኪሎ ፓስካል ነው፤ ይህ ግፊት ውሃን በቱቦ ውስጥ 1.7 ሜትር ከፍ ማድረግ ይችላል። የስትሮው ታችኛ ጫፍ ውሃ ውስጥ ስለሆነ አየሩ ራሱ መውጫ የለውም፤ ያለው አማራጭ ውሃውን በስትሮው ገፍቶ ማስወጣት ነው። የተጣጠፈው ስትሮ ቀና ሲል መንገዱ ይከፈታል፣ ውሃውም ይረጫል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኩባያው ሲጎድል አይረጭም ብሎ ነው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። 350 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ግማሽ ድረስ ቢሞላ 175 ሚሊ ሊትር አየር አለበት። ይህ አየር ጣርማ በር ላይ አንድ አራተኛ ገደማ ስለሚሰፋ 40 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ያስወጣል። ኩባያው ሞልቶ 20 ሚሊ ሊትር አየር ብቻ ቢቀርበት ግን የሚወጣው 5 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ያህል ነው።

ስለዚህ ሽቅብ ለሚሄዱበት ጉዞ ኩባያውን ሞልተው ይነሱ። አርማንያና ደብረ ሲና ላይ፣ ከዚያም ጣርማ በርን እንዳለፉ፣ ስትሮው እንደተጣጠፈ ኩባያውን ቀጥ አድርገው ይያዙና ክዳኑን ሩብ ዙር ፈታ አድርገው መልሰው ያጥብቁት። «ጢስ» የሚል ድምፅ ከሰሙ አየሩ ወጥቷል ማለት ነው። ልጅቷ ራሷ ከከፈተችው ግን ከክዳኑ በፊት ስትሮውን ስለምታነሳ ያው መረጨት ነው።

አንዳንድ ኩባያ ክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳና ከሥሯ ስስ የሲሊኮን ምላስ አለው። «ይህ አየር ማስወጫ አይደለም ወይ?» ቢሉ፣ አይደለም። ልጅ ስትጠጣ በወጣው ውሃ ፈንታ አየር እንዲገባ የተሠራ የአንድ አቅጣጫ በር ነው፤ ያስገባል እንጂ አያስወጣም። ምላሷን ቆርጠው ቢጥሏት መረጨቱ ይቀንሳል፣ ኩባያው ግን ከዚያ ወዲያ ሲገለበጥ ይፈሳል። የስትሮው ጫፍ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ካለም በምላጭ አያስፉት። ስንጥቁ የሚከፈተው ልጅ ስትስብ ብቻ እንዲሆን ተለክቶ የተሠራ ነው። ከታጠበ በኋላ ግን ጠርዞቹ ሊጣበቁ ስለሚችሉ በሁለት ጣት ጨመቅ አድርገው ያላቁት።

ጥያቄ፦ ለሰርግ ጠላ በሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አፍ እስከ ገደፉ ሞልተን በአይሱዙ ወደ ደብረ ብርሃን ላክን። አንዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ደረሰ፤ የሌላው ክዳን መንገድ ላይ ተስፈንጥሮ ግማሹ ፈሰሰ። ክዳኑን በጉጠት ነበር ያጠበቅነው። የተሻለ ክዳን ከየት ይገኛል?
— ከመሃል ሜዳ

መልስ፦ የተሻለ ክዳን አይፈልጉ፤ ይበልጥ የጠበቀ ክዳን ቢያገኙ ኖሮ የሚፈነዳው ጀሪካኑ ነበር። ለጠላ የሚያስፈልገው የሚተነፍስ ክዳን ነው።

ጠላ ከተጣራም በኋላ መብላላቱን አያቆምም። 1 ግራም ስኳር ሲብላላ ግማሽ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ በመንዝ ከፍታ ይህ ከሊትር ሲሶ በላይ ቦታ ይይዛል። በአንድ ሊትር ጠላ ውስጥ 5 ግራም ስኳር ብቻ ቢቀር በ20 ሊትሩ ውስጥ 100 ግራም አለ፤ ሁሉም ቢብላላ ከ35 ሊትር በላይ ጋዝ ነው። ከፊሉ ጠላው ውስጥ ሟሙቶ ይቆያል፤ መኪናው ሲንጠው፣ ፀሐይም ሲያሞቀው ይወጣል። አፍ እስከ ገደፉ በሞላ ጀሪካን ውስጥ ደግሞ ጋዙ የሚያርፍበት ቦታ የለም። በጋን ላይ ያለ የጭቃ ምርጊት ግፊት ሲበዛበት ተሰንጥቆ መንገድ ይሰጣል፤ ፕላስቲክ ይህን አያውቅም።

እንዲህ ያድርጉ። በ20 ሊትር ጀሪካን ከ17 ሊትር በላይ አይሙሉ። የክዳኑን መሃል በ6 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይብሱ፤ የውጭ ስፋቱ 7 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ለምግብ የሚሆን የሲሊኮን ቱቦ ጫፉን ሾል አድርገው በመቁረጥ ከላይ ወደ ውስጥ ይሳቡት። ቱቦው ከቀዳዳው ስለሚወፍር ያለ ሙጫ ራሱን አጥብቆ ይይዛል። ክዳኑ ሥር 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይውጣ፤ ከዚያ ከረዘመ አረፋው ውስጥ ይገባል። ሌላውን ጫፍ ሲሶው ውሃ በሆነ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥልቁት። የሃይላንዱን ክዳንም ለቱቦው በስተው፣ በአጠገቡ ጋዙ የሚወጣበት አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ይጨምሩበት። ሃይላንዱን ከጀሪካኑ እጀታ ጋር ቀጥ አድርገው ይሰሩት። ጋዙ እየተንቦጨቦጨ ይወጣል፣ አየር ግን ወደ ጠላው አይመለስም።

ይህ ዘዴ የሚከሽፈው ባብዛኛው በአንድ ምክንያት ነው፤ የጌሾ ቅጠልና አረፋ ቱቦውን ይደፍነዋል። ስለዚህ ጠላው በንጹሕ ጨርቅ ተጣርቶ ይግባ፤ መኪናው በቆመ ቁጥርም ሃይላንዱን ይዩት። መንቦጭቦጩ ቆሞ የጀሪካኑ ጎን ከጠጠረ ቱቦው ተደፍኗል። ያን ጊዜ ክዳኑን በጨርቅ ሸፍነው፣ ፊትዎን አዙረው፣ ሩብ ዙር ብቻ ይፍቱና ፉጨቱ እስኪያልቅ ይጠብቁ። ጉጠቱን ቤት ይተዉት። ክዳን በጉጠት ሲጠብቅ ጥርሱ ይዘላል፣ ከዚያ ወዲያ በእጅም አይይዝም።

ጥያቄ፦ ከምንጭ በአህያ ውሃ የምንቀዳበት ጀሪካን ጎሚኒው ጠፍቷል። ፌስታል አፉ ላይ አድርገን እንከድነዋለን፤ ግን ያንጠባጥባል። ቴፍሎን ብንጠቀልልበትስ?
— ከሰላ ድንጋይ

መልስ፦ ቴፍሎን የሚሠራው ጥርሱ ራሱ ውሃ በሚያግድበት የቧንቧ መጋጠሚያ ላይ ነው። የጀሪካን ጥርስ ሥራው ክዳኑን ወደ ታች መጫን ብቻ ነው፤ ውሃውን የሚያግደው የአፉ ከንፈርና የክዳኑ ጣሪያ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ፌስታሉ የሚያንጠባጥበው ስለሚጨማደድ ነው፤ እያንዳንዱ እጥፋት ለውሃ ቦይ ይሆናል። የሚሻለው 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለምግብ የሚሆን የሲሊኮን ንጣፍ ገዝቶ በክዳኑ የውስጥ ስፋት ልክ ክብ አድርጎ መቁረጥ ነው። ለጊዜው ወፍራም ፕላስቲክ ሁለት ድርብ አድርገው፣ ከአፉ እምብዛም ሳያልፍ በክብ ይቁረጡት፤ ወደ ጥርሱ የሚወርድ ትርፍ አይኑረው። ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የሚቆረጥ ጎሚኒ በየቦታው ይታያል፤ ለነዳጅ ዕቃ እንጂ ለሚጠጣ ውሃ አይሆንም። ውሃው ይሸታል፣ ላስቲኩ ውስጥ ያለውም ነገር ለምግብ ተብሎ የተመረጠ አይደለም።

ሲሊኮኑን ከመቁረጥዎ በፊት የጀሪካኑን ከንፈር በጣትዎ ይዳብሱት። ከፋብሪካ የወጣበት የስፌት መስመር እንደ ክር ጎላ ብሎ ከተሰማዎት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያልስልሱት። ለብዙ ጀሪካን መፍሰስ ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ መናኸሪያ አካባቢ ቡናና ሻይ በፔርሙዝ ይዤ እየዞርኩ እሸጣለሁ። አንዱ ፔርሙዝ ቁልፉን ሳልጫነው ይፈሳል፤ ሌላው ደግሞ ማታ ክዳኑ አልከፈት ይለኛል።
— ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ የመጀመሪያውን እንፈትሽ። ቁልፍ የሚጫኑት ክዳን ውስጥ ሞላና በሞላው የሚገፋ የጎማ ቆብ አለ። ቁልፉ ሲለቀቅ ቆቡ ቀዳዳውን ይደፍናል። የቡና አተላ በመሃል ከገባ አይገጥምም፤ የሻይ ስኳር ሲደርቅ ደግሞ ቆቡን ካለበት ያጣብቀዋል። 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው ክዳኑን ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ በየአምስት ደቂቃው ቁልፉን አሥር ጊዜ ይጫኑ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። አሁንም ከፈሰሰ ከሥር ያለውን ጎሚኒ ያውጡ። አንድ ጎኑ ሾጠጥ ያለ ከሆነ ሾጣጣው ወደ ታች፣ ወደ ጠርሙሱ መግባት አለበት፤ ሲታጠብ ተገልብጦ መግባቱ የተለመደ ስህተት ነው። ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም ቀለበቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀረ ይለውጡት።

ሁለተኛው ከእንፋሎት ጋር የተያያዘ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ያን ትኩስ ሞልተው ወዲያው ሲዘጉ ከላይ የቀረው ቀዝቃዛ አየር በአንዴ ይሞቃል፣ እንፋሎትም ይጨመርበታል፤ በዚህ ሰዓት ፔርሙዙ ከተናወጠ ቡናውን በአፉ ይተፋዋል። ወደ ማታ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ስለሚመለስ የውስጡ ግፊት ይቀንሳል፣ የውጭው አየርም ክዳኑን ወደ ታች ይጫነዋል። ትግል አያስፈልገውም፤ መጀመሪያ ቁልፉን ተጭነው አየር ያስገቡ፣ ከዚያ ያዙሩት። ጠዋት ሲሞሉ ፔርሙዙን በፈላ ውሃ አምስት ደቂቃ አሙቀው ይድፉት፤ ቡናውን ከክዳኑ ታችኛ ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ይሙሉ፤ ክዳኑን ላላ አድርገው አንድ ደቂቃ ካቆዩ በኋላ ያጥብቁ።

ጥያቄ፦ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ በሶ ተበጥብጦ የሚያዝበት፣ ቦርሳ ውስጥ የማይፈስ ጠርሙስ መንደፍ ፈልጌያለሁ። የስፖርት ጠርሙስ ክዳን አስመስዬ በሥሪዲ ፕሪንተር አወጣሁት፤ በሶው አንድም ቀዳዳውን ይደፍናል፣ አንድም በጎን ይወጣል።
— ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ጥያቄህ ከሁሉም ይከብዳል፤ በሶ ከውሃ ይለያልና። ዱቄቱ አይሟሟም፣ ተንሳፎ ይቆያል፤ ከቆመ ይዘቅጣል። የመስቀል ስንጥቅ ያለውን ቫልቭ ጨርሶ ተወው። ቅንጣቷ ስንጥቁ መሃል ስትቆም ቫልቩ አይዘጋም፤ ስትደርቅ ደግሞ አይከፈትም። ወደ ላይ ተስቦ የሚከፈተው የስፖርት ክዳንም እንዲሁ ነው፤ ተንሸራታቹ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ዱቄቱ ይሞላዋል።

ሰፊ አፍና በላዩ ጠባብ የመጠጫ ቀዳዳ ይሁንህ። አፉ 63 ሚሊ ሜትር ቢሆን እጅና ማንኪያ ይገባል፣ ይታጠባል። መጠጫው ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክብ ሆኖ በማጠፊያ በሚከፈት ቆብ ይዘጋ፤ ከቆቡ ሥር ወደ ቀዳዳው የሚገባ ሾጣጣ የሲሊኮን ውታፍ አድርግ። ሾጣጣነቱ ለበሶ ይጠቅማል፤ ሲገባ በጠርዙ ላይ ያለውን ዱቄት እየጠረገ ይወርዳል። ጠፍጣፋ ክዳን ግን ዱቄቱን ከሥሩ አድርጎ ይጫነዋል፣ በጎን የሚወጣብህም ስለዚህ ነው። ከመጠጫው ተቃራኒ 2 ሚሊ ሜትር የአየር ማስገቢያ ብሳ፤ ያው ቆብ በትንሽ ጉጥ ይድፈናት። ያለ እሷ በሶው አንዴ ይታገዳል፣ አንዴ በጅምላ ይወርዳል።

አሁን ወደ ዋናው ክዳን። አፍ በሰፋ ቁጥር ግፊቱ የሚያርፍበት ስፋት ይጨምራል። ለልጅቷ ኩባያ ያልነውን 17 ኪሎ ፓስካል ውሰድ፤ 22 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ባለው የውሃ ጠርሙስ አፍ ላይ ክዳኑን የሚገፋው ኃይል የ0.7 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። በ63 ሚሊ ሜትር ላይ ከ5 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ስለዚህ ጥርሱ ቢያንስ 1 ከሩብ ዙር ይያዝ። በሩብ ዙር የሚዘጋ ክዳን ያምራል፤ ለዚህ ዕቃ ግን እኛ አንመርጠውም።

ለጎሚኒው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ የሲሊኮን ቀለበት ምረጥ፤ ጥንካሬው በሾር ኤ መለኪያ ከ50 እስከ 60 ይሁን። የሚቀመጥበት ቦይ ጥልቀቱ 2.3፣ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ክዳኑ ሲጠብቅ ቀለበቱ 0.7 ሚሊ ሜትር ይጫናል፣ ማለትም 23 በመቶ። ከ15 በመቶ በታች ከሆነ ያፈሳል፤ ከ30 በላይ ከሆነ ክዳኑ ለማዞር ይከብዳል፣ ቀለበቱም ቶሎ ይሞታል። ቦዩ ከቀለበቱ የሚሰፋው በስህተት እንዳይመስልህ። ላስቲክ ሲጫኑት ቅርፁን ነው የሚለውጠው፣ መጠኑ አይቀንስም፤ ወደ ጎን የሚሄድበት ቦታ ካጣ ክዳኑን መልሶ ይገፋዋል።

ስለ ፕሪንተሩ። የታተመ ክዳን ልክ ለማየት ይበቃል፤ ለመጠጣት አይሁን። በንብርብሮቹ መሃል ፈሳሽ ይሰርጋል፣ በሶ ደግሞ እዚያ ገብቶ ይኮመጥጣል። የታተመ ማጠፊያም በጥቂት ቀን ይሰበራል። በሞልድ፣ ማለትም የቀለጠ ፕላስቲክ በሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ፣ ስታሠራው ፖሊፕሮፒሊን ምረጥ፤ ማጠፊያው ከ0.25 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሲቀጥን በሺህ ጊዜ መታጠፍ የሚችል ፕላስቲክ እሱ ነው። ሲቀዘቅዝ ግን ከ1 እስከ 2.5 በመቶ ይኮማተራል፤ በ63 ሚሊ ሜትር ላይ ይህ ከ0.6 እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን የሞልዱን ልክ ከመቁረጥህ በፊት የምትገዛውን ፕላስቲክ መረጃ ወረቀት ተመልከት። ክዳን አልገጥም ወይም ተንቀጫቀጨ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ በተሠራ ስህተት ነው።

ሙከራውን በንጹሕ ውሃ ብቻ አታድርግ። 60 ግራም በሶ በ400 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጥ፣ ሃያ ጊዜ ናጥ፣ ጠርሙሱን በደረቅ ጋዜጣ ላይ አጋድመህ ለ24 ሰዓት ተወው። በማግስቱ ክዳኑን ሳታጠብቅ እንደገና ገልብጠው፤ ፕላስቲክ በጭነት ሥር እየላላ ስለሚሄድ በማግስቱ ለመክፈት የሚጠይቀው ጉልበት ሲዘጋ ከነበረው ወደ ግማሽ መውረዱ የተለመደ ነው። ትናንት ያልፈሰሰ ዛሬ የሚፈሰው ለዚህ ነው። ቀጥሎ ከ1 ሜትር ከፍታ በክዳኑ በኩል ሦስት ጊዜ ጣለው። ለግፊት ሙከራ አየር መምጠጫ መሣሪያ ካላገኘህ መንገዱ አለልህ። ሸዋ ሮቢት ላይ ግማሽ ድረስ ሞልተህ ዝጋው፣ ጋዜጣ ጠቅልለህ በክዳኑ ዘቅዝቀህ ቦርሳ ውስጥ ክተተው፣ ደብረ ብርሃን ስትደርስ ጋዜጣውን እየው። ስትከፍተው ግን ቀጥ አድርገህ፣ ከዋናው ክዳን ጀምር።

ጥያቄ፦ አረቄ በቢራ ጠርሙስ አድርገን የድሮውን ቆርኪ በመዶሻ መልሰን እንመታዋለን። ጥቂት ወር ሲቆይ ጉልበቱ ይጠፋል። ለምን?
— ከአንኮበር

መልስ፦ ቆርኪ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያገለግል የተሠራ ነው። 21ዱ ጥርሶቹ በማሽን ዙሪያውን እኩል ተጨምቀው፣ የውጭ ስፋቱ 28.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ነው የሚይዘው። መክፈቻው አንድ ጎኑን ያጣምመዋል፤ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ንጣፍ ደግሞ የመጀመሪያው ጠርሙስ ከንፈር ታትሞበት ስለቀረ ከአዲሱ ጋር አይገጥምም። አልኮሉ በዚያ ይተናል። መዶሻው የባሰ ነው፤ የጠርሙሱን ከንፈር ሊሸርፈው ይችላል፣ የብርጭቆ ስባሪ ደግሞ አረቄ ውስጥ አይታይም።

አዲስ ቆርኪና የእጅ መጨመቂያ ካገኙ ያው ጠርሙስ ይሆናል። ካልሆነ ባለ ጥርስ ክዳን፣ ከሥሩ የፖሊኢትሊን ንጣፍ ያለበት፣ ይሻላል። ቡሽ ከተጠቀሙ ጠርሙሱን አቁመው ያስቀምጡ፤ ብርቱ አልኮል እየነካው ከቆየ ቡሹን ይበላዋል። ወደ ቆላ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ድረስ ብቻ ይሙሉት። አረቄ ሲሞቅ ከውሃ ይልቅ ይሰፋል፤ ከደጋው የጠዋት ብርድ ተነሥቶ ሸዋ ሮቢት የቀትር ሙቀት ላይ ሲደርስ ቦታ ካጣ ቡሹን ይገፋዋል።